በስም የሚሰቀል፣ በኪሎ የሚመዘን

ልጁ ሁለቱን ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ እናቱ የጎረቤት ሸሚዝ እየተኮሰች ነበር። መሥሪያ ቤት ስትተኩስ ውላ ቤቷ ገብታም የምትተኩስ ሴት ናት። ሥራዋ ስሟን ከዋጠው ቆይቷል፤ ሰፈሩም ጦር ሰፈሩም «እትዬ ካውያ» ነው የሚላት። ልጇን ደግሞ ሰው ሁሉ «አሞራው» ይለዋል። ገና የአራት ዓመት ልጅ እያለ የአውሮፕላን ድምፅ በሰማ ቁጥር የጎረሰውን ሳይውጥ ወደ ውጭ ይሮጥ ስለነበር የወጣለት ስም ነው። አሁን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞልቶታል፤ የጎረሰውን መዋጥ ተምሯል፣ መሮጡን ግን አልተወም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ትምህርቱን የጨረሰ ወንድ ሁሉ ለውትድርና ተጠርቷል። ድንበር ላይ ጦርነት ከተጀመረ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል፣ እምቢ ማለት ብሎ ነገር የለም። የመምረጥ ዕድል ያገኙት ጥቂቶች ነበሩ፤ አሞራው ከእነሱ አንዱ ነው። ፈተናውን አልፎ፣ ዓይኑም ልቡም ጆሮውም ተመርምሮ «ደህና ነው» ተብሎ፣ ለአብራሪነት ሥልጠና ከተመረጡት አሥራ ሁለት ልጆች መካከል ገብቷል። እሱ ካልሆነ እንደ እኩዮቹ በእግረኛ ጦር ይመዘገባል። የአብራሪነቱ ውል አሥራ አምስት ዓመት የሚያስር ስለሆነ ሃያ አንድ ዓመት ላልሞላው ወላጅ መፈረም አለበት። ለእግረኛው ግን የልጁ የራሱ ፊርማ ይበቃል። አባትየው ልጁ ስድስት ዓመት ሳይሞላው በልብ ሕመም ሞቷል። እንግዲህ የቀረው ፊርማ የእሷ ብቻ ነው። ቀኑም ተቆርጧል፤ ዓርብ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት።

«እዚች ጋ ነው፣ እማዬ» አላት በጣቱ እያሳያት።

እትዬ ካውያ ጣቱንም ወረቀቱንም አላየችም። ካውያዋን በቂጧ አቁማ የሸሚዙን እጅጌ ገለበጠች።

«አልፈርምም» አለች።

ሳይገባት ቀርቶ አልነበረም። እንደ እሷ ሐሳብማ ነገሩ ከእሷ በላይ የገባው ሰው አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በጦር ሰፈሩ ላውንደሪ ሠርታለች። ላውንደሪው ሁለት በር አለው። በፊት ለፊቱ በር የአብራሪዎች ልብስ ይገባል። እያንዳንዱ የበረራ ቱታ ደረቱ ላይ ስም ተሰፍቶበታል፤ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ከዚያ ግድግዳው ላይ ስሙ ከተጻፈበት ቦታ ሥር በመስቀያ ይንጠለጠላል። ቅዳሜ ቅዳሜ አብራሪዎቹ ራሳቸው መጥተው ይወስዳሉ። ሲመጡም ዝም ብለው አይመጡም፤ «እትዬ፣ ይቺን እጅጌ ለፍቅር ብለሽ ነው ያቃጠልሻት?» እያሉ ይተርቧታል፣ እሷም መልስ አታጣም። በጓሮ በር የሚገባው የእግረኞቹ ልብስ ነው፤ እሱ በጆንያ ነው የሚመጣው። ስም የለውም። ይመዘናል፣ ይታጠባል፣ ትንሽ፣ መካከለኛ፣ ትልቅ ተብሎ ይለያል፣ ከዚያ ተመልሶ በኪሎ ይወጣል። ትናንት አንዱ ያወለቀውን ሱሪ ነገ ሌላው ይለብሰዋል።

በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አራት ቱታዎች ሳይወሰዱ ቀርተዋል። እትዬ ካውያ አራቱንም ታውቃቸዋለች። አንደኛው ሲስቅ ድዱ የሚታይ፣ ኪሱ ውስጥ ሁልጊዜ ከረሜላ ረስቶ የሚልክና ማሽኑን በስኳር የሚያጣብቅባት ልጅ ነበር። በየሳምንቱ ትሰድበው ነበር። አንድ ቅዳሜ አልመጣም። በሚቀጥለውም አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት አለቃዋ «አውርጂው» አላትና ወንበር ላይ ወጥታ አወረደችው፤ ጨርቁ ለሌላ ሰው ይሆናልና የደረቱን ስም በምላጭ ፈታችው። ፊደሎቹ አንድ በአንድ ተላቀቁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጇ ቀና ብሎ ሰማይ ሲያይ ባየች ቁጥር ትቆጣለች።

ከጆንያው ግን አንድም ሰው ጠፍቶባት አያውቅም። ጆንያ ይመጣል፣ ጆንያ ይሄዳል። ሞኝ አይደለችም፤ በጦርነት እግረኛ እንደሚሞት ማን ያጣዋል? ቢሆንም እሷ የምትፈራው ያየችውን ነበር። ሬዲዮው ስለ ድል እንጂ ስለ ሬሳ አያወራም፣ ለቤተሰብም የሚነገረው «ግዳጅ ላይ ነው» የሚል ብቻ ነው፤ ዝርዝሩ ጦርነቱ ሲያልቅ ይጣራል ተብሏል። እና ይቺ ሴት ልጇን ከአራቱ መስቀያዎች ለማራቅ በአንድ እግሯ ቆመች።

ሰኞም ማክሰኞም በዚሁ አለፈ። አሞራው መጀመሪያ በእርጋታ አስረዳ፣ ቀጥሎ ለመነ፣ ቀጥሎ አኮረፈ፣ ኩርፊያው ሲሰለቸው እንደገና አስረዳ። እትዬ ካውያ ግን ጆሮ ዳባ ልበስ ብላለች። ረቡዕ ዕለት ሳህን እያጠበች ሳለ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«እማዬ፣ ሁለት ዓመት እኮ ደብተር ይዤ ነው የምቀመጠው። ትምህርት ቤቱ ያለው ድንበሩ የማይሸትበት ከተማ ነው። እስከዚያ ጦርነቱ ያልቃል።»

«ሲያልቅስ? አሥራ ሦስት ዓመት ይቀርሃል፤ እሱንም ሰማይ ላይ።»

«በእግረኛ ብገባ ደግሞ ሦስት ወር ሠልጥኜ ነው የምሄደው። መሬት ላይ ያለውን ታውቂዋለሽ?»

«ካንተ በላይ አውቀዋለሁ» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። «አሥራ አንድ ዓመት ልብሳቸውን አጥቤአለሁ። ከአብራሪዎቹ አራቱን ቀብሬአለሁ፣ ከእነዚያ ግን አንድም ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም።»

ላውንደሪ ውስጥ ያለውን ነገር እሱ ከየት ያውቀዋል? የእናቱ አነጋገር ደግሞ የሚያወላውል አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ወረድ ያለው።

ሐሙስ ዕለት ያስታርቃል ተብሎ አጎትየው ተጠራ። የእትዬ ካውያ ታናሽ ወንድም ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር። ሲሠራ የዋለበትን ዩኒፎርም ሳያወልቅ መጥቶ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣ፣ ዳቦ በላ፣ ልጁ ሲናገር «እውነቱን ነው» አለ፣ እህቱ ስትናገርም «እውነቷን ነው» አለ። በመጨረሻ ሁለቱም አፍጥጠው ሲያዩት እሱ በበኩሉ የሚያምነው ጎማ ያለውን ነገር ብቻ እንደሆነ ነግሯቸው ኮፍያውን አነሳ። እንዲህ ያለ አስታራቂ ጠላትም አይጥራው።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እትዬ ካውያ ፈቃድ ጠይቃ ወደ ቤቷ ገባች። ልጁ ሳይነግራት ፊርማዋን አስመስሎ እንዳይፈርም ፈርታ ነው፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። አሞራው ወረቀቱን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ወንበር ላይ ተቀምጧል። እስክሪብቶው ጠረጴዛው ላይ ነው፣ በእሷ በኩል። አሥር ሰዓት ሆነ። እሷ ልብስ ማጣጠፍ ጀመረች፤ የሚታጠፍ ሲያልቅባት የታጠፈውን ፈትታ እንደገና አጠፈች። አሥር ተኩል ሲሆን ልጁ ተነሣ፣ የአብራሪነቱን ወረቀት ለሁለት አጥፎ ጠረጴዛው ላይ ተወውና ሌላውን ይዞ ወጣ።

ሲመለስ «ተመዘገብኩ» ብሎ ጫማውን አወለቀ።

እትዬ ካውያ በልቧ እፎይ አለች፤ የታጠፈውን ወረቀት አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። እውነቱ ይነገር ከተባለ ደስ ብሏት ነበር። በማግስቱ ቅዳሜ አብራሪዎቹ ልብሳቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ከሁሉም ጋር ተሳሳቀች፤ ግድግዳው ላይ የልጇ ስም የማይጻፍበትን ባዶ ቦታ ሁለት ሦስቴ አየችው፣ ባየችው ቁጥርም ደረቷ ቀለል አላት። ልጇም ሦስት ቀን አኩርፎ በአራተኛው ቀን ምግብ ጠየቃት። የሚሄድበት ቀን የፊታችን ሐሙስ እንደሆነ ነገራት፣ እሷም የእግር ሹራብ ስንት እንደሚያስፈልገው ጠየቀችው።

ማክሰኞ ዕለት ሳሙና ልታመጣ ወደ ጓሮ ወጣች። በጓሮ በር የሚሠራው ጋሼ ሚዛን ነው። ሚዛኑ አጠገብ ባለች በርጩማ ላይ ተቀምጦ ጆንያ ይቀበላል፣ ይፈታል፣ ይመዝናል፣ ወደ ውስጥ ይልካል፤ ከሰላምታ ሌላ ከአፉ ቃል አይወጣም። እትዬ ካውያ ግን የዚያን ቀን ወሬ አምሯታል።

«ጋሼ፣ እንግዲህ ልጄም ያንተ ደንበኛ ሊሆን ነው» አለችው። «በሰማይ በኩል ይዘውት ሊሄዱ ነበር፣ አልፈርምም ብዬ አስቀረሁት። ባንተ በኩል እንኳ የጠፋ ሰው የለም።»

ጋሼ ሚዛን የያዘውን የጆንያ ገመድ ለቀቀ። ቀና ብሎ አያት፣ ከዚያ በሩን አየ፣ ከዚያ ተመልሶ እሷን አያት።

«ማን ነው የጠፋ የለም ያለሽ?»

«ማን ይለኛል፣ አየዋለሁ እንጂ። አንድ ሻለቃ ጦር አርባ ጆንያ ይልካል፣ አርባው ይታጠባል፣ አርባው ይመለሳል። ሁልጊዜም አርባ ነው።»

«አዎ፣ አንቺ ጋ ሲደርስ አርባ ነው» አለ ጋሼ ሚዛን። ቀስ ብሎ ነበር የሚናገረው። «ከግንባር ሲመጣ ግን አሥራ አምስትም ይሆናል፣ አሥራ አንድም ይሆናል። የቀረውን ከአዲሶቹ ልጆች ልብስ እዚህ እሞላዋለሁ። የተቀደደውንና ደም የነካውን ለይቼ ከጀርባ አቃጥለዋለሁ፤ ሴቶቹ አይዩት፣ ልጆች ያሏቸው ናቸው ተብሎ ገና ጦርነቱ ሲጀመር ነው ትእዛዝ የመጣው። እኔም ደግ ነገር መስሎኝ ነበር።»

«ወደ ሌላ ቦታ ተዛውረው ይሆናላ» አለች እትዬ ካውያ።

«እኔም መጀመሪያ እንደሱ ነበር የምለው።»

አንድ ያልተፈታ ጆንያ ላይ ተቀመጠች፣ ከተቀመጠች በኋላ የተቀመጠችበትን አስባ እንደ እሳት ፈጅቷት ተነሣች። ጋሼ ሚዛን ውኃ ላምጣልሽ አላት። መቼ ነው የሚሄደው ብሎ ጠየቃት፤ ሐሙስ አለችው። ሰውየው በጣቶቹ ሊቆጥር ጀምሮ ተወው። ሁለት ቀን ለመቁጠር ጣት አያስፈልግም።

ሽርጧን ሳትፈታ ቦርሳዋን ብቻ ይዛ ወደ ምልመላ ቢሮ ሄደች። መንገዱ የሃያ ደቂቃ ነው፤ እንዴት እንደደረሰች ኋላ ብትጠየቅ አታውቅም። ያስተናገደቻት ወጣት ጸሐፊ ነበረች፤ ከጆሮዋ በላይ እርሳስ የሰካች፣ ጨዋ ልጅ። እትዬ ካውያ ለሁለት ታጥፎ የቆየውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ዘረጋችላትና «አሁን እፈርማለሁ» አለቻት። ጸሐፊዋ ወረቀቱን አነበበች፣ መዝገብ ገልብጣ አየች፣ ፊቷ ተለወጠ።

«እናቴ፣ የሱ ቦታ እኮ ዓርብ ዕለት ለተጠባባቂ ተሰጥቷል። የልጁ አባት በር ላይ ቆሞ ሲጠብቅ ነበር፤ አሥራ አንድ ሰዓት እንዳለፈ ወዲያው ፈረመ። ልጆቹም ትናንት ተጓዙ።»

«አሥራ ሦስተኛ አድርጋችሁ አስገቡልኝ።»

«መቀመጫው አሥራ ሁለት ነው፣ እናቴ።»

«ቆሞ ይማራል» አለች እትዬ ካውያ።

ጸሐፊዋ አልሳቀችም፣ እንባዋ ነው የመጣው። እንባዋን አይታ እትዬ ካውያ ነገሩ የእውነት እንዳለቀ ተረዳች። ብትቆጣት፣ ብታባርራት ይሻላት ነበር፤ ለመጣላትም ቢሆን የሚያዝ ነገር ይኖራት ነበር።

ያም ሆኖ ዓይኗን በጨው አጥባ በማግስቱ የጦር ሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ዘንድ ገባች። የኮሎኔሉን ሸሚዞች አሥራ አንድ ዓመት ተኩሳለች፤ የአንገቱን ቁጥር ታውቃለች፣ ዘንድሮ መወፈሩንም ከሚስቱ ቀድማ ያወቀችው እሷ ናት። ፊቱን በቅርብ ስታየው ግን የመጀመሪያዋ ነበር። ኮሎኔሉ ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላት፣ ወንበር ሰጣት፣ እንደ እሷ ኮሌታ የሚያቆም ሰው በሕይወቱ አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። ጉዳዩን ስትነግረው ሳያቋርጣት ሰማ። ስትጨርስ በእሱ እጅ እንዳልሆነ ነገራት። የምደባው ዝርዝር ከበላይ ተፈርሞ ወርዷል፤ አንድ ስም ቢያወጣ በምትኩ ሌላ ስም መጻፍ አለበት።

«የማንን ልጻፍ?» አላት።

እየቀለደባት አልነበረም። የምር ነበር የጠየቃት፣ እሷም ለአፍታ የምር አሰበችበት። የጎረቤቶቿ ልጆች አንድ በአንድ በዓይኗ መጡባት፤ ሸሚዛቸውን የምትተኩስላቸው ሁሉ። የማንንም ስም ሳትጠራ ተነሣች። ኮሎኔሉ እስከ በሩ ሸኛትና ስለ ኮሌታው እንደገና አመሰገናት።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አሞራው ቦርሳውን ጀርባው ላይ አድርጎ በሩ ላይ ቆመ። ፀጉሩን ተላጭቷል፤ ጭንቅላቱ ትንሽ፣ ጆሮው ትልቅ ሆኖ የዛሬ አሥር ዓመቱን ልጅ መስሏል። እትዬ ካውያ ከማክሰኞ ጀምራ ልትነግረው ስትል ይኸው ቀኑ ደርሷል። ማክሰኞ ማታ ቁርጥ አድርጋ ልትናገር ስትል አጎቱ መጣ። ትናንት ደግሞ ልጁ ራሱ ሹራቦቹን ሲያጣጥፍ ያፏጭ ነበር፤ ፉጨቱን ማቋረጥ አቃታት። አሁን የቀራት እስከ አጥሩ ድረስ ያለው መንገድ ብቻ ነው። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል የቋጠረችበትን ፌስታል አቀበለችው።

አጥሩ ጋ ደረሱ፤ መንገዱ ማዶ ጥግ ላይ ሦስት ጓደኞቹ ይጠብቁታል። እነሱም ተላጭተዋል። አንዱ ቦርሳው ላይ ተቀምጦ መሬት መሬቱን ያያል፣ ሌላው ያልተለኮሰ ሲጋራ ይዞ እንደሚያጨስ ሰው ያደርገዋል።

«እማዬ» አለ አሞራው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ያኔ ያልሽኝ ነገር አለ አይደል? ከእግረኞቹ አንድም ሰው ጠፍቶብኝ አያውቅም ያልሽው።»

«እህ።»

«ያኔ ተናድጄ ስለነበር በደንብ አልሰማሁሽም። ኋላ ሳስበው ግን ልክ ነሽ። ካንቺ በላይ ማን ያውቃል? ለእነሱም ነገርኳቸው፤ በተለይ ለዚያ ለተቀመጠው። ሌሊቱን ሲያለቅስ ነው አሉ ያደረው።» የቦርሳውን ማንገቻ አጠበቀ። «የምርሽን ነበር አይደል?»

እትዬ ካውያ አየችው። ፈርቷል። ስታጠባው፣ ስታሳክመው፣ ትምህርት ቤት ስትወስደው አይታው የማታውቀው ፍርሃት ነው፤ ያዳፈነው ደግሞ በእሷ ቃል ነው፣ ሌላ የያዘው ነገር የለም። እውነቱን ብትነግረው የሚመለስ ቢሆን እዚያው ትነግረው ነበር። ጉልበቱን ይዛ ትነግረው ነበር። አይመለስም፤ ጥጉ ላይ የሚወስዳቸው መኪና መጥቷል፣ ስሙ ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ቢሸሽ አሳደው የሚይዙት ሰዎች አሉ። ብትነግረው እውነቱን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ባትነግረው ባዶውን ይሄዳል፤ መሄዱ ግን ያው መሄድ ነው። የአንገትጌው አንድ ጎን ታጥፎ አየችና በሁለት ጣቷ አቃናችው።

«የምሬን ነበር» አለችው።

«አንድም?»

«አንድም።»

አሞራው አየር ስቦ አስወጣ። ግንባሯን ሳማትና መንገዱን በሩጫ ተሻገረ። መኪናው ሞተሩን ሳያጠፋ ስለቆመ ልጆቹ ለመነጋገር መጮህ ነበረባቸው፤ እሷም ካለችበት ሆና ሰማችው። ቦርሳው ላይ የተቀመጠውን በእጁ ጎትቶ እያስነሣ «አላልኩህም? አሁንም ጠይቄአታለሁ እኮ፣ እናቴ እዚያ ነው የምትሠራው» አለው።

ያ ልጅ ተነሣ። ወደ እትዬ ካውያ ዞሮ እጁን እያውለበለበ አመሰገናት።